ከፖስታው ጥግ ያለችው ወረቀት

በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ይኸውም ከሃያ ሁለት ማዞሪያ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉት ሠፈሮች የምትኖሩ ተማሪዎች የቆራሌውን ጥሪ ታውቁታላችሁ። ጆንያውን በትከሻው አንግቶ በየበሩ እየዞረ አሮጌ ጫማ፣ የተቀደደ ብረት ድስት፣ ባዶ ጠርሙስና ያገለገለ ወረቀት ይገዛል። አንድ ቤተሰብ አሮጌ ቤቱን ለቆ ወደ ሌላ ሠፈር ሲዛወር፣ ወይም አያት ሞተው ሣጥናቸው ሲከፈት፣ ከማይፈለገው ዕቃ ጋር አብሮ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በክር የታሰረ የደብዳቤ እሽግ ነው። የጻፉትም የተጻፈላቸውም ሰዎች በሕይወት ስለሌሉ እሽጉ ለቆራሌው ይሰጣል። ከዚያም ወደ ሾላ ገበያ ወይም ወደ አንዱ ሱቅ ይሄድና የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ፖስታ ጥግ ግን ጥርሳም ጠርዝ ያላት አንዲት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። ይህ ምንባብ ስለዚያች ወረቀትና እርሷን ስለ ማሰባሰብ ሥራ ያስረዳችኋል።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። ቴምብር የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ፣ ፖስታ የሚለው ደግሞ ከጣልያንኛ ወደ ቋንቋችን የገባ ነው። በአማርኛ ፖስታ ስንል አንዳንድ ጊዜ መሥሪያ ቤቱን፣ አንዳንድ ጊዜ የሚላከውን መልእክት፣ አንዳንድ ጊዜም ደብዳቤው የሚታሸግበትን ወረቀት ማለታችን ነው። «ፖስታ አለኝ ወይ ብዬ ፖስታ ቤት ሄጄ ፖስታ ገዝቼ መጣሁ» ብንል ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ሰሚውን ግን ያደናግራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ፖስታ የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም የደብዳቤውን መያዣ ወረቀት የሚያመለክት መሆኑን ልብ በሉ።

ተራ የሆነን ነገር ማሰባሰብ የብዙ አገር ሰዎች ልማድ ነው። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ ቆርኪ ያላጠራቀመ ማን አለ? በአሜሪካ አገር ደግሞ ቤዝቦል የተባለውን የኳስና የዱላ ጨዋታ የሚጫወቱ ስፖርተኞች ሥዕል የታተመበት ካርድ ማሰባሰብ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ሆኗል። ካርዶቹ በመጀመሪያ ለሽያጭ የታሰቡ አልነበሩም፤ የሲጋራ ፋብሪካዎች ፓኮው እንዳይታጠፍ መደገፊያ፣ ለገዢውም መሳቢያ ይሆን ዘንድ ከሲጋራው ጋር ይጨምሯቸው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1909 እስከ 1911 በአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ ከወጡት መካከል ሆነስ ዋግነር የተባለው ተጫዋች ካርድ ብዙም ሳይታተም ተቋረጠ። ተጫዋቹ ልጆች ለካርዱ ሲሉ ሲጋራ እንዲገዙ አልፈለገም የሚሉ አሉ፤ ሥዕሉ ያለ ክፍያ በመታተሙ ተቆጥቶ ነው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ ዛሬ ከዚህ ካርድ በዓለም ላይ የሚገኙት ስድሳ እንኳ አይሞሉም፤ አንዱም በ2022 በሰባት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ዶላር ተሽጧል። በዚያው ዓመት ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ በ1952 ያሳተመው የሚኪ ማንትል ካርድ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ዶላር አወጣ። የዚህ ካርድ ነገር ደግሞ የሚያስገርም ነው፤ ኩባንያው ሳይሸጡ የቀሩትን ካርዶች ማስቀመጫ ቦታ ቢያጣ በጀልባ አስጭኖ ወደ ባሕር እንዳስጣላቸው የራሱ ሠራተኛ ተናግሯል። እንግዲህ ካርዱ ውድ የሆነው በሥዕሉ ማማር ሳይሆን ሰው ስለጣለው ነው።

በእኛ አገር የቤዝቦል ካርድ የለም። እርሱን የሚመስል፣ እንዲያውም ከእርሱ የሚበልጥ ታሪክ ያለው ግን ቴምብር ነው።

ቴምብር ከመፈልሰፉ በፊት የደብዳቤን ዋጋ የሚከፍለው በአብዛኛው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነበር፤ ሂሳቡም በርቀትና በወረቀቱ ብዛት ይታሰብ ነበር። ሮውላንድ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል፤ የመክፈሉም ማስረጃ በፖስታው ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። በዚህም መሠረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1840 የመጀመሪያው የዓለም ቴምብር ወጣ። እንግሊዞች ቀዳሚዎች ስለነበሩ የአገራቸውን ስም በቴምብራቸው ላይ አልጻፉም፤ ዛሬም አይጽፉም።

በኢትዮጵያ መልእክት ያለ ፖስታ ቤት ለብዙ ዘመን ሲላክ ኖሯል። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ ተራራ ወጥቶ ሸለቆ ወርዶ ያደርስ ነበር። ዘመናዊው የፖስታ አገልግሎት የተመሠረተው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም. ነው። በዚሁ ወቅት ንጉሠ ነገሥቱ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ለማሠራት ፈቃድ ሰጡ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት ግን በፓሪስ ሲሆን፣ ቅርጹን የቀረጸው ኧዠን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ቴምብሮቹ ሰባት ናቸው። ከሩብ ግርሽ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት አራቱ የምኒልክን መልክ፣ አራት፣ ስምንትና 16 ግርሽ የሆኑት ሦስቱ ደግሞ አንበሳን ይዘዋል። ትልቁ 16 ግርሽ ከአንድ ብር ጋር እኩል ነበር። ጽሑፋቸው በፊደላችን ብቻ ስለሆነ አውሮፓዊው ሰብሳቢ ሥዕሉን እንጂ ቃሉን አያነብም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ የሚመስል ነገር አለ። አንድ ሰው ከእነዚህ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ከታተሙት ሰባት ቴምብሮች አንዱን ቢያገኝ ሀብታም የሆነ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ቴምብሮቹ በታተሙበት ከተማ በፓሪስ ለሰብሳቢዎች በብዛት ስለተሸጡ ያልተመቱት፣ ማለት የፖስታ ቤት ማኅተም ያላረፈባቸው፣ ዛሬም በዝቅተኛ ዋጋ ይገኛሉ። ውድ የሆነው በእውነት ከአዲስ አበባ ወይም ከሐረር ደብዳቤ ይዞ የተጓዘው ነው። በዚያን ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነበር፤ የተጻፈውንም ያስቀመጠ ከጥቂቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ቴምብር በአልበም ውስጥ ተለጥፎ ሲገኝ ተራ፣ በፖስታው ላይ እንዳለ ሲገኝ ግን ብርቅ ይሆናል። ይህን አንድ ነጥብ የጨበጠ ተማሪ የሥራውን ግማሽ አወቀ ማለት ነው።

እንዲያውም የዚያ ዘመን ፖስታ ብዙውን ጊዜ የሁለት አገር ቴምብር ይታይበታል። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት ወር 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቴምብሯ ከድንበሯ ወዲያ አይታወቅም ነበርና ወደ ውጭ አገር የሚጽፍ ሰው እስከ ድንበር የሚያደርሰውን የኢትዮጵያ ቴምብር፣ ከጅቡቲ ወዲያ የሚያሻግረውን ደግሞ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ይለጥፍ ነበር። አባልነቱ በተገኘ ማግሥት፣ በጥር ወር 1901 ዓ.ም. አዲስ ቴምብር ወጣ፤ የሰሎሞን ዙፋንና የምኒልክ ሁለት ዓይነት ምስል የታተመበት ሲሆን፣ ከአማርኛው ጎን በፈረንሳይኛ የተጻፈ ስም ተጨመረበት። አንድ አገር ለሌሎች አገሮች በሚነበብ ፊደል ስሟን ስትጽፍ እንዲህ በትንሽ ወረቀት ላይ ይታያል።

በእነዚህ ሁለት እትሞች መካከል ባሉት ዓመታት ፖስታ ቤቱ አዲስ ቴምብር ከማሳተም ይልቅ በነበረው ላይ በማኅተም መምታትን መረጠ። በ1894 ዓ.ም. የተመታው ቃል «ቦስታ» የሚል ነው። ዐረብኛ «ፐ» የተባለው ድምፅ ስለሌለው ቃሉ በዐረቦች አንደበት ሲያልፍ «በ» ይሆናል፤ በእኛም አገር የሽማግሌዎች አነጋገር «ቦስታ» የሚለው ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ቴምብር እንግዲህ የአነጋገር ታሪክም ምስክር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የቦሌ ልጆችን የሚመለከተው ማኅተም ግን ሌላ ነው። በ1921 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያውን አውሮፕላን አስመጣ። ነገሩን ለማስታወስ ከአንድ ዓመት በፊት በወጡት የንግሥት ዘውዲቱና የተፈሪ ምስል ባለባቸው ቴምብሮች ላይ የአውሮፕላን ቅርጽና የነሐሴ 11 ቀን 1921 ዓ.ም. ዕለት በእጅ ማኅተም ተመታ። ቀለሙ በአንዳንዱ ላይ ሐምራዊ፣ በአንዳንዱ ቀይ፣ በሌላው ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነው። በእጅ የሚመታ ነገር ስሕተት አያጣውምና አውሮፕላኑ ተገልብጦ ሆዱን ወደ ሰማይ ያደረገበት ቴምብር ይገኛል። ሰብሳቢዎች ይህን የተገለበጠውን ከቀናው አብልጠው ይወዱታል። እኔ ግን በስሕተት የተገለበጠውንና ለሰብሳቢ ሲባል ሆን ተብሎ የተገለበጠውን የሚለይ ዓይን ያለው ሰው ጥቂት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ያ አውሮፕላን በመጣ ጊዜ ዛሬ አውሮፕላን የሚያርፍበት ቦሌ ከከተማው ውጭ ያለ ሜዳ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግም የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። የቦሌው ማረፊያ የተሠራው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ አየር መንገዱ በጥር ወር 1955 ዓ.ም. በቦይንግ 720 ጄቶች መብረር ጀመረ። አውሮፕላን ደብዳቤ ማመላለስ ከመጀመሩ በፊት ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ መርከብ ጠብቆ፣ ባሕር አቋርጦ በሳምንታት ይደርስ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በቀናት የሚደርስ ሆነ። አየር መንገድ አዲስ መሥመር ሲከፍት በዚያች ዕለት ለሚጓዙት ደብዳቤዎች ልዩ ማኅተም የመምታት ልማድ በብዙ አገሮች አለ። እንዲህ ያለው ፖስታ «የመጀመሪያ በረራ ፖስታ» ይባላል። አንድ ሰብሳቢ እነዚህን ብቻ በቅደም ተከተል ቢደረድር፣ ከአዲስ አበባ የሚወጡት የአየር መሥመሮች እንዴት እንደተዘረጉ አንድ ቃል ሳይጽፍ ያሳያል።

የቀሩትን ዘመናት ባጭሩ እንለፋቸው። በ1911 ዓ.ም. ከወጡት ቴምብሮች መካከል አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን፣ ጎሽና አንበሳ ያለባቸው አሉ። በጠላት ወረራ ዘመን የጣልያን ንጉሥ ምስል ያለበት ቴምብር በአገራችን ይሸጥ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴምብር ተመልሶ ወጣ። ከዚህ የ1934ቱ እትም ሰብሳቢ የሚፈልገው ልዩነት እጅግ ጥቃቅን ነው፤ በላቲን ፊደል የተጻፈው ሳንቲም የሚለው ቃል በመጀመሪያ በትንንሽ፣ በኋላ በትልልቅ ሆሄያት ታትሟል። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሦስተኛው የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ሲደረግ መታሰቢያ ቴምብር ወጣለት፤ ቡድናችንም በዚያው ወር በፍጻሜው ግጥሚያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በእነዚያ ዓመታት ቴምብሮች ላይ ብዙውን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ትንሽ ምስል በጥግ በኩል ይታያል፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጠፍቷል። ታላቁ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌም ለአገራችን ቴምብሮች ንድፍ ከሠሩት አንዱ ናቸው።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ፤ ለትምህርት እንዲሆናችሁ እንጂ የሚያስመካ አይደለም።

አጎቴ በ1971 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደ። አያቴ ኮተቤ ይኖሩ ነበርና ደብዳቤው በአያቴ ወንድም መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይመጣ ነበር። በአገራችን ደብዳቤ ወደ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት አይመጣምና፣ ሣጥን የሌለው ሰው ሣጥን ያለውን ዘመድ መለመን ግዴታው ነበር። አጎቴ በጠቅላላው ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፈ። ሁሉም «ይድረስ ለምወድዎ እናቴ» ብለው የሚጀምሩ ነበሩ፤ ቀን ግን አይጽፍም ነበር። በመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ትምህርቱን ሊጨርስ እንደተቃረበ፣ ከተማም እንደቀየረ፣ አዲሱን አድራሻ በሚቀጥለው እንደሚልክ ገለጸ። የሚቀጥለው አልመጣም።

እኔ በዚያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቴምብር ማሰባሰብ የጀመርሁት በእነዚያ ደብዳቤዎች ነው። የጠፈር መርከብና የአበባ ሥዕል ያለባቸውን የሩሲያ ቴምብሮች ስመለከት ዓይኔ በራ። አያቴ ደብዳቤውን ካስነበቡ በኋላ ፖስታውን ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። እኔም ጥጉን በመቀስ እየቆረጥሁ ቴምብሩን በውሃ ነክሬ አላቅቅ፣ የተረፈውን ወረቀት ለምድጃ እሰጥ ነበር። ዘጠኙንም እንዲሁ አደረግሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ እናቴ የወንድሟን ወሬ ለማግኘት የጠፉ ሰዎችን ለሚያፈላልግ መሥሪያ ቤት አመለከተች። እነርሱም ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የመጨረሻው ደብዳቤ የተላከው መቼ ነው? ከየትኛው ከተማ ነው? ሁለቱም መልሶች በፖስታው ላይ ተመትተው ነበር። የፖስታ ቤት ማኅተም በክብ ቀለበቱ ውስጥ የከተማውን ስምና ዕለቱን ይይዛል፤ የሚመታው ግን ግማሹ በቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ከቴምብሩ ውጭ በወረቀቱ ላይ ነው። አልበሜን አውጥቼ ተመለከትሁ። በመጨረሻው ቴምብር ላይ የቀረው የቀለበቱ ሩብ፣ ከከተማዋ ስምም ሦስት የሩሲያ ፊደላት ብቻ ነበሩ። ዕለቱ ያለበት ክፍል ከወረቀቱ ጋር ተቃጥሏል።

አንድ ነገር ግን ተገኘ። የሶቪየት ቴምብሮች የታተሙበት ዓመት በግርጌያቸው ይጻፋል፤ በዚያኛው ላይ 1984 የሚል ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው ከዚያ ዓመት በፊት አልተላከም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደተላከ ግን ቴምብሩ ሊናገር አይችልም። ልዩነቱን አስተውሉት፤ ቴምብር «ከዚህ በፊት አይደለም» ይላል፤ ማኅተም «በዚህ ዕለት ነው» ይላል። እናቴ ዓመቱንና ሦስቱን ፊደላት በማመልከቻው ላይ ጻፈች። መልስ ሳይመጣ አረፈች።

ስለዚህ ወደ ሥራው ዘዴ ስንገባ የመጀመሪያው መመሪያ መቀስ አለማንሳት ነው። በቤታችሁ ሣጥን ውስጥ አሮጌ ደብዳቤ ብታገኙ ፖስታውን እንዳለ አቆዩት። ደብዳቤውንም ከፖስታው አትለዩት፤ ደብዳቤው የጻፈውን ሰው፣ ፖስታው ጊዜውንና መንገዱን ይነግራልና። በጀርባው ያለውንም ማኅተም ተመልከቱ፤ አንዳንድ ፖስታ ቤት ደብዳቤው ሲደርስ በጀርባው ይመታ ስለነበር ከመነሻው እስከ መድረሻው ስንት ቀን እንደፈጀ ከፊትና ከኋላው መቁጠር ይቻላል። ስታሰሉ ግን የዘመን አቆጣጠሩን አታምታቱ። የውጭ አገር ማኅተም በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ የዓለም የቴምብር መዘርዝሮችም የኢትዮጵያን ቴምብር ሳይቀር የሚመዘግቡት በአውሮፓ ዓመት ነው። ከመስከረም እስከ አውሮፓው ዓመት ማለቂያ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መቀነስ ያስፈልጋል፤ ይህን የዘነጋ ሰው የ1901ኛውን ቴምብር በሌላ ዓመት ፈልጎ ያጣዋል።

ከፖስታ የተለየ፣ ወይም ፖስታው ራሱ ተራ የሆነ ቴምብር ካገኛችሁ ማላቀቅ ትችላላችሁ። ወረቀቱን ከቴምብሩ ዙሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡና ሳሙና በሌለው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሥዕሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አኑሩት። ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩ በራሱ ይንሸራተታል፤ የማይንሸራተት ከሆነ ጊዜው አልደረሰምና አትሳቡት። ከዚያ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ በግንባሩ ደፍታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፤ ጋዜጣ ቀለሙን ስለሚያስተላልፍ አይሆንም። ሲደርቅ ይጠቀለላልና በወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አሳድሩት። በእጅ የተመታ ማኅተም ያለበትን ቴምብር፣ በተለይም ሐምራዊውን፣ ከቶ ውሃ አታስነኩት። በቀለማም ፖስታ ላይ ያለውንም ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ አትንከሩ።

ቴምብር በጣት አይያዝም፤ የጣት ወዝ ወረቀቱን ያቢያዋልና ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወረንጦ ይነሣል። ጥርሱ የተቆረጠ ቴምብር ዋጋው ይወርዳል። ጥርሱን መቁጠርም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ስንት እንደሆኑ በማስመሪያ ይለካል፤ ሥዕላቸው አንድ የሆነ ሁለት እትሞች በጥርሳቸው ቁጥር ይለያሉ። ያልተመታ ቴምብር ደግሞ በጀርባው ሙጫ ስላለበት በአዲስ አበባ ክረምት ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል። አልበሙን ከግድግዳ አርቁት፣ አቁማችሁ እንጂ አስተኝታችሁ አታስቀምጡት፤ ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ መካከል ፀሐይ የወጣበት ቀን ሲገኝም ገልጣችሁ አናፍሱት።

ሙጫው ሌላም ጥቅም አለው። የ1911 ዓ.ም. ቴምብሮች በኋላ ዘመን ዳግመኛ ታትመው በርካሽ ተሠራጭተዋል፤ ሥዕሉ ያው ነው። ጀርባቸውን ስትገልጡ ግን የመጀመሪያዎቹ ሙጫ ነጭና ለስላሳ ሲሆን፣ የዳግም እትሙ ቡናማና በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው። የ1886ቱ ሰባት ቴምብሮችና በላያቸው የተመቱት ማኅተሞችም በጥሩ ሁኔታ የተሠሩ አስመሳዮች አሏቸው። አንድ አጭበርባሪ ሙሉ ቴምብር ከመቅረጽ ይልቅ በእውነተኛ ርካሽ ቴምብር ላይ የሐሰት ማኅተም መምታት ይቀለዋል። ስለዚህ ማኅተሙ በቴምብሩ ላይ ብቻ ታቅፎ ወደ ፖስታው የማይዘልቅ ከሆነ፣ ወይም ቴምብሩ ገና ባልነበረበት ዕለት የተመታ ከሆነ ጠርጥሩ።

ምናልባት በአሜሪካኖቹ ካርድ ዋጋ ተደንቃችሁ የሣጥኑን ይዘት በሚሊዮን ማስላት የጀመራችሁ ትኖሩ ይሆናል። በአብዛኛው በቤታችሁ የሚገኙት ቴምብሮች ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጡም። ነገር ግን ከአንድ ዘመን፣ ከአንድ ሠፈር ወይም ከአንድ ቤተሰብ የተገኘ ያልተበታተነ የደብዳቤ እሽግ የትም በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። እንዲያውም ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በመጥፋቱ የእናንተ ዘመን ለሰብሳቢ የሚተወው ፖስታ እጅግ ጥቂት ነው፤ የአጎት ልጅ ከውጭ አገር የሚልከው መልእክት በስልክ መጥቶ በስልክ ይጠፋል።

ለመጀመር የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ አንድ ወረንጦና አንድ እርሳስ ነው። ፖስታውን ከየት እንዳገኛችሁት፣ የማን እንደነበረ፣ ማን እንደሰጣችሁና መቼ እንደሰጣችሁ በእርሳስ በተለየ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ በፖስታው ላይ ግን አንዳች አትጻፉ። የአገራችንን ቴምብሮች ከመጀመሪያዎቹ አንሥቶ በቅደም ተከተል ለማየት የፈለገ በቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ወዳለው የፖስታ ሙዚየም ይሂድ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ሣጥኑ የት እንዳለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ቆራሌው የሚያልፈውም ብዙውን ጊዜ እናንተ ትምህርት ቤት በምትውሉበት ሰዓት ነው።